ከቆጣሪው ጀምር፤ በቤት ውስጥ የክላውድ መለማመጃ ለሚያቋቁም ሰው ስለ ዕቃ አመራረጥ የተጻፈ መመሪያ

«ክላውድ» የተባለውን ነገር ወደ ቋንቋችን ሲመልሱ «ደመና» ማለታቸው ለጆሮ ያማረ ቢሆንም፥ ሰሚውን ግን ስሕተት ላይ ይጥለዋል፤ ይኸውም ነገሩ ሁሉ እንደ ጉም የማይጨበጥ፥ ግዙፍነት የሌለው ረቂቅ ፍጥረት እንዲመስለው ያደርጋል። እውነቱ ግን ደመናው በምድር ላይ የቆመ ብረት ነው፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በመደርደሪያ ተደርድሮ፥ ሌሊትና ቀን መብራት እየጠጣ፥ ሙቀቱን በማቀዝቀዣ እያስተነፈሰ የሚኖር የኮምፒውተር ሠራዊት ነው። በአገራችንም እንዲህ ያለውን አዳራሽ ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉት ኩባንያዎች በአዲስ አበባው የአይሲቲ ፓርክ አቁመዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም «ቴሌክላውድ» በሚል ስም አገልግሎቱን ይሸጣል። እንግዲህ ረቂቁ በግዙፉ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ፥ ረቂቁን ሊማር የሚወድ ሰው አስቀድሞ የግዙፉን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል፤ ይህም ጽሑፍ በመጠነኛ ገንዘብ በቤቱ ውስጥ ትንሽ የመለማመጃ ደመና ለመዘርጋት ለሚሻ አንባቢ የተዘጋጀ ነው። («አንተ» እያልሁ ስጽፍ ለእኅቴም ለወንድሜም መሆኑ ይታወቅልኝ፤ አማርኛ በዚህ ነገር ስስታም ስለ ሆነ ነው።)

«ለምን ከአማዞን ወይም ከማይክሮሶፍት ወይም ከጉግል አልከራይም?» ብትል ጥያቄህ የተገባ ነው። መከራየት ይቻላል፤ ነገር ግን ሒሳቡ የሚታሰበው በዶላር ሲሆን፥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የአንዱ ዶላር ዋጋ በብር ሲታሰብ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘትም ለተማሪና ለደመወዝተኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም ሌላ የተከራየኸውን ማሽን ማጥፋት ረስተህ ብትተኛ፥ የምትነቃው ከዕዳ ጋራ ነው። በቤትህ ያለውን ማሽን ግን አሥር ጊዜ ብታበላሸው አሥር ጊዜ ትጭነዋለህ እንጂ ሒሳብ ይዞ በር የሚያንኳኳ የለም።

የምጽፈው ከኮልፌ ቀራንዮ፥ ቆሼ ከሚባለው ሰፈር ነው። ለሰፈሩ ስም የሰጠው ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ ጥራጊዋን ስታፈስበት የኖረችበትና በዘመን ብዛት ኮረብታ የሆነው ሜዳ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ የሆኑ ወገኖቻችንን እንደ ወሰደብን የማያስታውስ የለም፥ ነፍሳቸውን ይማር። በአጠገቡም ያንኑ ጥራጊ እያቃጠለ መብራት ያመነጭ ዘንድ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ ቆሟል። ይህን የማነሣው ሰፈሬን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም፤ ሌላው የከተማ ሰው ዕቃን በሱቅ መስታወት ውስጥ አምሮ ሲያየው፥ የቆሼ ሰው ግን ያንኑ ዕቃ በመጨረሻ ቀኑ ስለሚያየው ነው። ሁለት ወር ሠርቶ የተቃጠለው ርካሽ ዲቫይደር፥ ያበጠው ባትሪ፥ ማንም ሊጠግነው ያልቻለው ተመሳስሎ የተሠራ ቻርጀር ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ አቅጣጫ ይመጣል። ስለዚህ «ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሜ «ምን ያህል ይበላል? እስከ መቼስ ይቆያል?» ብዬ መጠየቅን ለመድሁ፤ የዚህም መመሪያ ነገር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ገበያ መውረድ አይደለም፤ ወረቀትና ብዕር ይዞ ምን ለመማር እንደ ታሰበ ለይቶ መጻፍ ነው። ቅኔ ቤት የሚገባ ተማሪ ከጉባኤ ቃና እንጂ ከመወድስ እንደማይጀምር ሁሉ፥ ይህም ጥበብ ደረጃ አለው። ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ማንቀሳቀሻ ሥርዓት ብቻ ለመልመድ የሚፈልግ ሰው 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማናቸውም አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋልና ምንም አይግዛ፤ በቤቱ ያለውን አቧራውን አራግፎ ያስነሣ። ከዚያ ከፍ ብሎ በአንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ረቂቃን ኮምፒውተሮችን፥ ባለሙያዎቹ ቨርቹዋል ማሽን የሚሏቸውን፥ ለማሳደርና እንደ ፕሮክስሞክስ ባለ ነጻ ሶፍትዌር ለማስተዳደር የሚሻ ሰው 16 ጊጋባይት ራም ያስፈልገዋል። ይህ አሠራር በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰርቪስ ቤቶች ሠርቶ እንደሚያከራይ ባለ ይዞታ ነው፤ ተከራዮቹ አንዱ የሌላውን ጓዳ ሳያይ ይኖራሉ፥ ውኃውና መብራቱ ግን የሚመጣው ከአንድ ቧንቧና ከአንድ ቆጣሪ ነው። ታላላቆቹ ኩባንያዎች በዶላር የሚያከራዩትም ይህንኑ ሰርቪስ ቤት ነው፤ ግቢያቸው ሰፊ ከመሆኑ በቀር ልዩነት የለውም።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የለቀቀውን፥ ሶፍትዌሮችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረውን ኩበርኔቲስ የተባለውን ሥርዓት ለመማር ለእያንዳንዱ ማሽን 2 ጊጋባይት ያህል ራም ይጠየቃል፤ እንግዲህ ሦስት ረቂቃን ማሽኖች 6 ጊጋባይት ቢወስዱ፥ ከ16ቱ የተረፈው ለዋናው አስተዳዳሪና ለመከታተያ ሶፍትዌሮች ይበቃል ማለት ነው። ናሳና ራክስፔስ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩትን፥ የራስን ደመና መገንቢያ የሆነውን ኦፕንስታክን በአንድ ማሽን ላይ ለመጫን ግን ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፥ 40 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ሁለት የኔትወርክ መግቢያዎች ይፈለጋሉ፤ በዚህ በዝቅተኛው ልክ የጫነው ሰው ግን ማሽኑ አቀበት ላይ እንደ ተጫነች አህያ ሲያቃስት ያየዋልና፥ 32 ጊጋባይት ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

ብዙ ጀማሪዎች «ክላስተር» የሚለውን ቃል፥ ተባብረው እንደ አንድ የሚሠሩ ማሽኖች ማለት ነው፥ በሰሙ ጊዜ ሦስት ኮምፒውተር መግዛት ያለባቸው ይመስላቸዋል። አያስፈልግም። ራሙ የበዛለት አንድ ማሽን ሦስቱን በሆዱ ይይዛል፤ ራማቸው ያነሰ ሦስት ማሽኖች ግን ሦስት ቻርጀር፥ ሦስት ሶኬትና ሦስት ዓይነት ብልሽት ከመጨመር በቀር እንደ አንዱ አይሆኑልህም። አንዱ ማሽን ሲሞት ሌላው ሥራውን እንዴት እንደሚረከብ በዐይንህ ለማየት ስትወድ፥ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ትገዛለህ።

ሁለተኛው እርምጃ ከቤትህ ቆጣሪ ፊት መቆም ነው፤ በዚህም ላይ ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ፥ ምክንያቱም እኔ ራሴ የተቀጣሁት በዚህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገደውን ትልቅ የመደርደሪያ ሰርቨር፥ ሁለት ፕሮሰሰርና 48 ጊጋባይት ራም ያለውን፥ አንድ ደላላ አገናኝቶኝ በላፕቶፕ ዋጋ ገዛሁት፤ በላዳ ጭኜ ሳመጣውም የሰሎሞንን ግምጃ ቤት የዘረፍሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ አስነሣሁት። ነፋሻዎቹ መዞር በጀመሩ ጊዜ ግድግዳው የሚርገበገብ መሰለ፤ በማግሥቱ ማለዳ የጎረቤቴ እናት በሩን አንኳኩተው «ልጄ፥ ወፍጮ ተከልህ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩን ባስረዳቸውም «ታዲያ ዱቄቱ የት አለ?» ከማለት አልተመለሱም። ዱቄቱ በወሩ መጨረሻ በካርድ ቆጣሪዬ ላይ ታየኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ማንም በጣቱ ሊያወጣው ይችላል። ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንኳ 150 ዋት የሚበላ ሰርቨር በቀን 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፥ በ30 ቀን ደግሞ 108 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል። 15 ዋት ብቻ የሚበላ ትንሽ ማሽን ግን በዚያው ወር 10.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን እርከን ያለው መሆኑን አትርሳ፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ሲሆን፥ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ስለዚህ ያ ሰርቨር የራሱን ብቻ አያስከፍልህም፤ ከእንጀራው ምጣድና ከማቀዝቀዣው ጋራ ተደምሮ ቤቱን በሞላ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋዋል። ሁለት ማሽን ለማወዳደር ስትወድ የምትይዘው ልክ ይህ ነው፤ የመግዣ ዋጋውን ጻፍ፥ በሥሩም የ36 ወር መብራቱን በአሁኑ እርከንህ አስበህ ደምር። ብዙውን ጊዜ በርካሽ የተገኘው ትልቁ ማሽን በውድ ከተገኘው ትንሽ ይልቅ የከበደ ሆኖ ታገኘዋለህ። እኔ ሰርቨሩን ለብረቱና ለራሙ ሸጬው በሰላም አደርሁ።

ሦስተኛው እርምጃ የዕቃውን ወገን መምረጥ ነው፤ ለእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ያገለገለ ላፕቶፕን ነው። መብራት ሲጠፋ በድንገት የማይሞት፥ ዩፒኤሱን፥ ማለትም የመጠባበቂያ ባትሪውን፥ በሆዱ ይዞ የተወለደ፥ ስክሪንና የቁልፍ ሰሌዳ የማይገዛለት ማሽን ከእርሱ ሌላ የለም። ስክሪኑ የተሰበረ ወይም ማጠፊያው የተነቀለ ከሆነማ ለሌላ ሰው የማይረባ ስለሚሆን ሻጩ በዝቅተኛ ዋጋ ይለቅልሃል፤ ለአንተ ግን ሊኑክሱ ከተጫነ በኋላ በኔትወርክ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ስለምታዝዘው ስክሪኑ አያስፈልግህም፥ ለመጀመሪያው ቀን የጎረቤት ቴሌቪዥን ብትዋስ ይበቃል። የምትመለከታቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የኔትወርክ ገመድ መግቢያ ያለው ይሁን፥ ራም የሚሰካባቸው ሁለት ቦታዎች ይኑሩት፥ ፕሮሰሰሩም ቢያንስ ስድስተኛው ትውልድ ይሁን። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፥ ዴል ላቲቱድ 5470፥ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ470 እነዚህን ሦስቱን ያሟላሉ፤ ስስና ቀጭን የሆኑት አዳዲሶቹ ግን ራማቸው ከቦርዱ ጋራ ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ ልጨምርለት ብትል አይሆንልህም።

ትውልዱን ለማወቅ የሚከብድ ነገር የለም። በኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ላይ ከ«አይ5» ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር ተመልከት፤ 6500 ቢል ስድስተኛው፥ 8500 ቢል ስምንተኛው ትውልድ ነው። በመጨረሻው ላይ «ቲ» የሚል ፊደል ያለበት እንደ ሆነ ደግሞ ለትንሽ መብራት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ስድስተኛውን መነሻ ያደረግሁበት ምክንያት ከእርሱ በፊት የነበሩት ዲዲአር3 በተባለው በአሮጌው ራም ስለሚሠሩ ነው፤ ያን ዓይነት ራም ዛሬ ገዝተህ ነገ ማሽን ብትቀይር አብሮህ አይሻገርም።

ሁለተኛው የተመሰገነ ወገን ቢሮዎች ከስክሪን ጀርባ የሚያስሩት፥ መጠኑ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማይበልጥ ሚኒ ፒሲ ነው። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 3050 ወይም 7050 ማይክሮ፥ የኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ3 ሚኒ፥ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም910ኪው የዚህ ወገን ናቸው፤ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ከ10 እስከ 15 ዋት ያህል ይበላሉ፥ ራማቸውም እስከ 32 ጊጋባይት ይደርሳል። ስለ እነዚህ አንድ የምሥራች አለኝ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመ ሲሆን፥ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም፤ ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ምንም ያልጎደላቸውን የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች ለማስወገድ ምክንያት አገኙ። ሊኑክስ ግን ይህን ሕግ አያውቅም፤ እነርሱ ጊዜው አልፎበታል ብለው የጣሉት ለአንተ ደመና ገና ጎልማሳ ነው። አቅምህ የሚፈቅድ ከሆነ ስምንተኛውን ትውልድ ምረጥ፤ አይ5-6500ቲ አራት ኮር ሲኖረው አይ5-8500ቲ ስድስት አለው።

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ብሎ የጠየቀህ እንደ ሆነ ደግሞ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ኤን100 የተባለ ፕሮሰሰር ያለበትን አዲስ ሚኒ ፒሲ ብትጠይቅ አታፍርም፤ መብራት በመቆጠብ የተመሰገነ ነው፥ ራሙ ግን በአንድ መስኪያ 16 ጊጋባይት ላይ ይቆማል። ራስበሪ ፓይ ብዙ የተወራለት ትንሽ ቦርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ በ35 ዶላር ይሸጥ ነበርና ስሙ ከርካሽነት ጋራ ተያይዞ ቀረ። ለእኛ ዓላማ ግን አልመክረውም፤ ራሙ አይጨመርም፥ መብራት በድንገት ሲጠፋም ትንሿ ሚሞሪ ካርድ ቶሎ ትበላሻለች። ትልቁን ዴስክቶፕ ብዙ ሃርድ ዲስክ መክተት ለሚወድ ብቻ እተወዋለሁ።

አራተኛው እርምጃ ገንዘብን በዕቃው አካላት መካከል ማካፈል ነው። ነጋዴው የሚያወድስልህ ፕሮሰሰሩን ነው፤ «አይ7 ነው!» ሲልህ ልብህ እንዳይሸፍት። በመለማመጃ ደመና ውስጥ አስቀድሞ የሚያልቀው ራም ነው፥ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ስለዚህ 8 ጊጋባይት ካለው አይ7 ይልቅ 16 ጊጋባይት ያለውን አይ5 ውሰድ። ሁለቱም የራም መስኪያዎች በትናንሾቹ የተያዙ እንደ ሆነ ራም ለመጨመር ነባሮቹን አውልቀህ መጣል ይኖርብሃልና፥ አንዱ መስኪያ ባዶ የሆነለት ይመረጣል።

ከራም ቀጥሎ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ብዙ ረቂቃን ማሽኖች በአንድ ጊዜ ሲጠሩት በአንድ ቄስ እጅ አንድ ሺህ ሰው እንደሚያቆርብ ደብር ይሆናል፤ ሰልፉ አያልቅም። ስለዚህ ሥርዓቱና ማሽኖቹ የሚያርፉበት 256 ወይም 512 ጊጋባይት የሚይዝ፥ የማይሽከረከር ኤስኤስዲ ይሁን፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ግን መጠባበቂያ ቅጂ ለማስቀመጥ ያገለግላልና አትናቀው። ማሽኑን ያገለገለ ብትገዛም ኤስኤስዲውን ከቻልህ አዲስ ግዛው፥ ምክንያቱም ኤስኤስዲ የሚጻፍበት መጠን የተወሰነ ስለ ሆነ ያገለገለው ዕድሜውን ለሌላ ሰው ጨርሶ ሊሆን ይችላል። አዲስም ሲሆን ከሌሎቹ ሁሉ በግማሽ ዋጋ «1 ቴራባይት» የሚባለውን ሽሽ፤ አንድ ወዳጄ የገዛው እንዲህ ያለው ዲስክ ሲከፈት በውስጡ የተገኘችው ከፕላስቲክ ቅርፊቱ ጋራ በሙጫ የተጣበቀች አንዲት ሚሞሪ ካርድ ነበረች።

አሁን ወደ ገበያ እንውረድ። ከቆሼ የሚነሣ ሰው በአየር ጤናና በጦር ኃይሎች በኩል አድርጎ መርካቶ ይደርሳል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ግን በመርካቶ ብቻ ሳይሆን በመገናኛና በቦሌ ሕንፃዎች፥ በቴሌግራም ቻናሎችም ላይ ሞልቶ ይገኛል። በሁሉም ዘንድ የምትሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ስላይትሊ ዩዝድ» ይሉሃል። ይህ ቃል ከሁለት ወር እስከ ዘጠኝ ዓመት ያለውን ዘመን ሁሉ የሚያጠቃልል ስለ ሆነ ጆሮህን ሳይሆን ዐይንህን እመን። በዚያው በመርካቶ ወዳለው ምናለሽ ተራም ብትዘልቅ የማይገኝ ነገር የለም፤ ከዚያ ግን ብሎን፥ ገመድ፥ የብረት ሳጥንና ማቀፊያ ግዛ እንጂ ዲስክና ባትሪ አትግዛ። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ወንድማችንንም አትለፈው፤ እኔ ዛሬ የምጠቀምበትን ሁለት ሜትር መደርደሪያ ከእርሱ ነው ያገኘሁት።

ስትሄድ አራት ነገር ያዝ፤ ከፍላሽ የሚነሣ ሊኑክስ፥ የራም መፈተሻ ያለበት ሌላ ፍላሽ፥ አንድ ሜትር የኔትወርክ ገመድ፥ ትንሽ ካቻቢቴ። ማሽኑን አስነሥተህ በመጀመሪያ ወደ ባዮስ፥ ማለትም ወደ ማሽኑ መነሻ ማስተካከያ ገጽ፥ ግባ፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ዋጋውን አትጠይቅ፥ አመስግነህ ሂድ፤ በዘመናዊዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ይህ ቃል ትንሿን ባትሪ በማውለቅ የሚጠፋ አይደለም፥ ዕቃውም ከማን እጅ እንደ ወጣ አታውቅም። ከገባህ በኋላ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን ፈልገህ ክፈተው፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2005 በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ የጨመረው ይህ ችሎታ ካልበራ ረቂቃኑ ማሽኖች አይነሡም። ቀጥለህ ከፍላሹ ሊኑክስን አስነሣና የራሙን መጠን፥ የፕሮሰሰሩን ስም፥ የዲስኩን ጤና መዝገብ አንብብ፤ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራና ስንት ቦታው እንደ ተበላሸ ይነግርሃል። ገመዱን በሻጩ ራውተር ላይ ሰካና መብራቱ ብልጭ ማለቱን እይ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከጎኑ ተመልከተው፤ ሆዱ ተነፍቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ባትሪው አብጧልና ባትሪውን አስወጥተህ ዋጋውን አስቀንስ።

ቻርጀሩን ችላ አትበል። የዴል ማሽኖች ቻርጀራቸው ትክክለኛ መሆኑን ይመረምራሉ፤ ተመሳስሎ የተሠራውን ሲያገኙ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ፥ የፕሮሰሰሩንም ፍጥነት እጅግ ዝቅ ያደርጉታል፥ ገዢውም ምክንያቱን ሳያውቅ ማሽኑን ሲረግም ይኖራል። የራም ምርመራ ሰዓታት ስለሚፈጅ በሱቅ አይጨረስም፤ ስለዚህ በደረሰኙ ላይ የሦስት ቀን የመመለሻ ቃል አስጽፍና ሌሊቱን በቤትህ ፈትሸው። ቃሉን ለመጻፍ እምቢ የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቶሃል።

አምስተኛው እርምጃ ስለ መብራት ነው። ረጲ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ኃይል እያመነጨ የእኔ ቤት መብራት ሲጠፋ የምስቅበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ማሽንን ይበልጥ የሚገድለው የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው። ላፕቶፕ ለያዘ ሰው ጥሩ ዲቫይደርና ስታቢላይዘር ይበቃዋል። ሚኒ ፒሲ የያዘ ግን ዩፒኤስ ይግዛ፤ ትንሹ ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ አለው፥ ይህም 84 ዋት ሰዓት ነው፤ በመለወጡ የሚባክነው ተቀንሶ ግማሹ ለሥራ ቢውል እንኳ ማሽኑና ራውተሩ ተደምረው 25 ዋት የሚበሉበትን ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ያቆየዋል። ያን የእኔን ወፍጮ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር የሚችለው። የዩፒኤስ ባትሪ በሁለትና በሦስት ዓመት ስለሚደክም፥ ስትገዛ ባትሪው የሚቀየርለትን ዓይነት ምረጥ። የማሽኑን ብረት ስትነካው የሚነዝርህ ከሆነ ሶኬትህ የመሬት ገመድ የለውም ማለት ነውና ሌላውን ሁሉ ትተህ ኤሌክትሪሺያን ጥራ። በባዮስም ውስጥ «መብራት ሲመለስ ራስህን አስነሣ» የሚለውን ምርጫ አብራ፤ አለዚያ በመሥሪያ ቤትህ ሳለህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ደመናህ እስክትመለስ ድረስ ተኝቶ ይጠብቅሃል።

ስለ ኔትወርክ ብዙ አልልም። ባለ አምስት መግቢያ ጊጋቢት ስዊችና ሁለት ሦስት ገመድ ይበቃል፤ ዋይፋይ ለሰው እንጂ ለሰርቨር አልተሰጠም። ገመድ ስትገዛ መዳብ መሆኑን ጠይቅ፥ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለሚሸጥ ቆርጠህ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተወው። ኔትወርክን መከፋፈል ለመማር የምትወድ ከሆነ ቪላን የተባለውን መከፋፈያ የሚችል ስዊች ወይም ሚክሮቲክ የተባለውን ትንሽ ራውተር ውሰድ። የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም የሞባይል ኢንተርኔት ከውጭ ወደ ቤትህ ቀጥታ በር ባይከፍትልህም አትጨነቅ፤ መለማመጃው ኢንተርኔት ሳይኖርም በቤትህ ውስጥ ይሠራል። የሊኑክሱን መጫኛ አንድ ጊዜ አውርደህ በሃርድ ዲስኩ ላይ አኑር፥ የሶፍትዌር ማከማቻ የሚይዝ አንድ ረቂቅ ማሽንም አቁም፤ አንዱ ማሽን ያወረደውን ሌሎቹ ከእርሱ ይወስዳሉና የፓኬጅህ ገንዘብ ይተርፋል።

ቦታውን በተመለከተ ከወለል ክንድ ያህል ከፍ ያለ፥ ቆርቆሮው የማያፈስበት፥ ነፋስ የሚያገኝ ማዕዘን ምረጥ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ሳስቶ ሙቀት የመሸከም ኃይሉ ያንሳል፤ የአገሩ ብርድ ግን ይክሰናል። በእኛ ሰፈር የሚያስቸግረው አቧራውና ጢሱ ነው፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ክዳኑን ከፍተህ በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው። በጨርቅ አትሸፍነው፤ እናቶቻችን ቴሌቪዥኑን በዳንቴል እንደሚያለብሱት ሰርቨር ያለበሱ ሰዎች አይቻለሁ።

ገንዘብህ ለሁሉም ባይበቃ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ አስቀድመህ ማሽኑን ከ16 ጊጋባይት ራም ጋራ፥ ቀጥለህ አዲስ ኤስኤስዲ፥ ከዚያ የመብራት መከላከያውን፥ በመጨረሻ ስዊቹን ግዛ። ከገዛህም በኋላ የሚበላሹ ነገሮች ይኖራሉ። የሞተውን ማሽን ለምናለሽ ተራ ጠጋኞች ወይም ለቆራሌው ስጥ፥ ከእጃቸው ብዙ ነገር ይተርፋል። ያበጠውን የላፕቶፕ ባትሪና የዩፒኤሱን የእርሳስ ባትሪ ግን ከቤት ጥራጊ ጋራ በአንድ ማዳበሪያ አስረህ አታውጣ፤ ባትሪ ለሚቀይር ባለሙያ እስክታስረክብ ድረስ ከእሳት ርቆ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። ያን ማዳበሪያ በባዶ እጃቸው የሚፈቱት ጎረቤቶቼ ናቸው።